አንድ ጨምርበት

እኛ ዘንድ «ስንት ይበቃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቁጥር አይመልስም፤ «አንድ ጨምርበት» ነው የሚለው። ስሚንቶ ስንት ኩንታል ይበቃል? አንድ ጨምርበት። ለሚመጣው እንግዳ ስንት ፍራሽ ይነጠፍ? አንድ ጨምርበት፤ ብቻውን አይመጣም። መካሪው የመነሻውን ቁጥር እንኳ መስማት አይፈልግም፤ ብቻ አንድ ይጨመርበት። ይህ ምክር ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። የቤተሰቡም ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ስንት ራዲያተር ይበቃዋል?

ልጁ አርክቴክት ነው። ሥራው መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ ሕንፃ ተሠርቶ አልቆ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ በረንዳው ላይ ሰው ቡና ሲጠጣ የሚያሳይ ሥዕል በኮምፒውተር ማዘጋጀት ነው። ገዢዎች ሥዕሉን አይተው ቀብድ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ከሥዕሉ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከደረሰ። ሥዕሉም ቢሆን እንዲህ በዋዛ አያልቅም። እያንዳንዱ የፀሐይ ጨረር ከየትኛው መስታወት ነጥሮ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ማሽኑ አንድ በአንድ ሲያሰላ ያድራል። ሲያሰላ ደግሞ ይግላል።

ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ነው፤ እስከ 450 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ነው፤ ሲበረታ እስከ 253 ዋት። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከተነሡ 700 ዋት መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ሥዕሉ ውስጥ የሚገባ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የገባው መብራት ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣው ሰውዬ ትርፍ ነው።

በውሃ ማቀዝቀዝ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከትልልቅ ኮምፒውተሮቹ አንዳንዶቹን በውሃ ያቀዘቅዝ ነበር፤ በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ደግሞ ሰርኪቶቹ መብራት በማያስተላልፍ ፍሎሪነርት በሚባል ፈሳሽ ውስጥ እንደተነከሩ ነበር የሚሠራው። የልጁ ዘዴ ከዚያ የቀለለ ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ውስጡ የተቦረቦረ የመዳብ ሳህን ይታሰራል። ፓምፕ ውሃውን እየገፋ በሳህኖቹ ውስጥ ያሳልፈዋል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ ፋኖቹ በራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል አየር እያሳለፉ ሙቀቱን ይቀበሉታል፣ ውሃውም ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሶ ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ውሃ የታወቀ ተሸካሚ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘውን ሙቀት አየር እይዛለሁ ቢል ከሦስት ሺህ ሊትር በላይ መሆን ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ተሸካሚነቱ እስከ ራዲያተሩ ድረስ ነው። ሸክሙን ዞሮ ዞሮ የሚረከበው ያው ደካማው አየር ስለሆነ፣ የርክክቡ ቦታ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ራዲያተሮቹ የሚለኩት በላያቸው በሚሰለፈው ፋን ነው። የተለመደው ፋን 120 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ አንድ ፋኑ 120፣ ባለ ሁለቱ 240፣ ባለ ሦስቱ 360 ይባላል። ልጁ ዓይኑን የጣለው ባለ 360ዎቹ ላይ ነው። የገዛው ኬዝ ፊት ለፊት አንድ፣ ጣሪያው ላይ አንድ፣ ወለሉ ላይ አንድ ባለ 360 ይወስዳል። ችግሩ የተጀመረውም ከዚሁ ነው። ሁለት ራዲያተር ገብቶ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታይ፣ ባለቤቱ አንድ ነገር የተሰረቀ ይመስለዋል።

«ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ» የሚለውን የሰማች እህቴ መጀመሪያ አማተበች፤ ቀጥላ መኪናዋን የሚሠራላትን መካኒክ ጠራች። ራዲያተር ከተባለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብላ ነው። ሽማግሌው መጥተው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ የተከፈተውን ኬዝ ዞረው ዞረው አዩት።

«ስንት ሲሊንደር ነው?»

«ሲሊንደር የለውም ፋዘር።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያግለው?»

«ሒሳብ ነው።»

«ሒሳብማ እኔንም ያግለኛል» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲህ ስማኝ ልጄ። አይሱዙ ያንን ሁሉ ኩንታል ጭኖ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ደግሞ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ደጀን የሚገባው ባንድ ራዲያተር ነው። ይኼ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሥዕል ለሚሥል ሦስት ራዲያተር? ሰው አታሎሃል።»

ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። የአይሱዙ ሞተር ዳገት ላይ የሚያወጣው ሙቀት በመቶ ሳይሆን በአሥር ሺዎች ዋት የሚቆጠር ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ራዲያተር ይችለዋል። ምሥጢሩ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው። የመኪና ውሃ የሚዞረው ወደ 90 ዲግሪ ደርሶ ስለሆነ፣ በረሃው 35 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ በውሃውና በአየሩ መካከል 55 ዲግሪ አለ። ሙቀት የሚሸሸው በዚህ ልዩነት መጠን ነው፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ይሮጣል፣ ሲጠብ ይንፏቀቃል። የኮምፒውተሩ ውሃ ደግሞ 90 መድረስ አይችልም። ቺፖቹ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ስለሚግሉ ቀድመው ሥራ ያቆማሉ፤ በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ዲ5 የተባለው ፓምፕ ራሱ ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ውሃው 35 አካባቢ እንዲቆይ ይፈለጋል። ክፍሉ 22 ከሆነ የቀረው 13 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ልዩነት 700 ዋት ላስወጣ የሚል ሰው ሰፋ ያለ ራዲያተር መግዛቱ ግዴታ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስረዳቸው ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «ገባኝ፤ እናንተ የምታቀዘቅዙት ሳይሞቅ ነው» አሉ። ስለ ኮምፒውተር ማቀዝቀዝ ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ልጁ ደግሞ ትልቅ ሰው ማስደሰት ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የኮምፒውተር ራዲያተር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ አሜሪካ ያሉ የዚህ ነገር ወዳጆች ከአሮጌ መኪና ውስጥ የጋቢና ማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር እየፈቱ ኮምፒውተር ላይ ይገጥሙ እንደነበር ነገራቸው፤ በተለይ የ1977 ፖንቲያክ ቦንቪል ማሞቂያ ተፈላጊ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። ከዚያ በኋላ ምክሩ ጎረፈ፤ ሁሉም ልክ ነበር። የቧንቧ ውሃ አትጨምር፣ ዝቃጭ ይይዛል፤ ዲስቲልድ ውሃ ግዛ። መዳብ ካለበት አሉሚኒየም አታስገባ፣ እርስ በርሱ ይበላላል። ስትሞላው አየሩን ጨርሰህ አስወጣ። መጀመሪያ ፓምፑን ብቻ አዙረህ፣ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፈህ፣ ጠብታ እንዳለ ሳታይ ሌላውን መብራት አትስጠው። እህቴ በየምክሩ ራሷን እየነቀነቀች ቡና ቀዳችላቸው። ሽማግሌው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉና፣ «ለማንኛውም» አሉ፣ «ከሁለቱ ላይ አንድ ጨምርበት።»

እስኪ ሳንጨምርበት እንቁጠር። በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግርድፍ ስሌት አለ፦ ፋኑ ረጋ ብሎ እየዞረ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊሜትር 100 ዋት ገደማ መድብ ይላል። 700 ዋት ሰባት ፋን ይሆናል። ሁለት ባለ 360 የሚይዙት ስድስት ነው። አንድ ጎደለ! ልጁ «ሦስት» ያለው በዚህች አንድ ፋን ተንጠልጥሎ ነው። ነገር ግን ሰባት የመጣው ካርዱም ፕሮሰሰሩም ባንድ ጊዜ ጣሪያ ይነካሉ ተብሎ ነው። ሥዕሉን ሲያሰላ የሚያድረው ካርዱ ነው፤ እሱ በሚጋልብበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው እጁን አጣጥፎ ያያል። ለካርዱ 450፣ ለፕሮሰሰሩ 100 ብንሰጥ 550 ዋት ነው። ስድስት ፋን ይበቃዋል፤ ጥቂትም ይተርፋል።

ከዚህ የቆየ ሌላ ስሌትም አለ። እሱን ስሰማ ሳቄ መጣ። «ለሚቀዘቅዘው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ 120፤ ከዚያ አንድ 120 ጨምርበት» ይላል። ለካስ ፈረንጆቹም ያው ናቸው! እንዲያውም እነሱ ሕግ አድርገውታል። በዚያ ሕግ ቢሄድ ግን ልጁ የሚደርሰው አንድ ለፕሮሰሰሩ፣ አንድ ለካርዱ፣ አንድ ለምርቃት፣ በድምሩ አንድ ባለ 360 ብቻ ነው። ሕጉ የወጣው ካርድ 250 ዋት ወሰደ ተብሎ ጉድ በሚባልበት ዘመን ስለሆነ ለዛሬ አይበቃም። ፕሮሰሰርና ካርድ ባደጉ ቁጥር ምርቃቱ ብቻ ነው ያላደገው።

ሁለት ወይስ ሦስት የሚለውን ለመፍረድ ማካፈል የሚችል ሰው ይበቃል። ፋኖቹ ባንድ ዓይነት ፍጥነት ይዙሩ፤ አንድ ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በ24 ዲግሪ አስበልጦ ያቆየዋል እንበል። ሁለት ሲሆኑ 12 ይሆናል። ሦስት ሲሆኑ 8። አራት ሲሆኑ 6። ሁለተኛው ራዲያተር 12 ዲግሪ ይዞ መጣ፤ ሦስተኛው 4፤ አራተኛው 2። የሚጠየቅባቸው ዋጋ ግን አንድ ነው። መቶ ቢደረደሩም ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች አያወርዱትም። አራቷ ዲግሪም ብትሆን በወረቀት ላይ ያለች ናት፤ ከታችና ከፊት የገባው አየር ራዲያተሩን አልፎ ሞቆ ስለሚገባ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የሚደርሰው ሌሎቹ ያሞቁት ነው።

ፕሮሰሰሩ ዘንድ ሲደረስ ነገሩ ይብሳል። ሙቀቱ የሚጨናነቀው ከትንሿ ቺፕ ወጥቶ፣ ክዳኑን አልፎ፣ መዳቡ ጋ እስኪደርስ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። 250 ዋት ሲያልፍበት ቺፑ ከውሃው በ40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ራዲያተር ያለው ከዚያ ወዲያ ስለሆነ በዚህኛው ጠብ ውስጥ እጁ አይገባም። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ደረሰ ብሎ ሦስተኛ ራዲያተር የሚገዛ ሰው ያልታመመውን ነው የሚያሳክመው። እንዲያውም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሦስተኛው ራዲያተር ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚያቀዘቅዘው ባለቤቱን ነው።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ «ቢሆንም ከሚያንስ ይትረፍ» አለች። ይህ የድግስ ሒሳብ ነው። ድግስ ስንደግስ የሚመጣውን ሰው የምንቆጥር እናስመስላለን እንጂ የምንቆጥረው ሐሜቱን ነው። መቶ ሰው ይጠራል፤ ለሁለት መቶ ይጋገራል፣ ይጠመቃል፣ ይወጠወጣል። «ወጥ አለቀባቸው» የሚለው ወሬ ከአንዳንዱ ትዳር ዕድሜው ይረዝማልና። ሲተርፍ ግን ማንም «ለምን ተረፈ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በሳህን እየተከደነ ለጎረቤት ይታደላል። የልጁ ሦስተኛ ራዲያተርም እንዲሁ ከዋቱ ሳይሆን ከስጋቱ የመጣ ነው። የሚለየው፣ የተረፈ ዲግሪ በሳህን ተከድኖ ለጎረቤት አይላክም።

ልጁ ግን የተማረ ነው፤ ስጋቱን ሳይንስ አልብሶ ማቅረብ ይችልበታል። መጀመሪያ ያቀረበው አዲስ አበባን ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ ስሌቶች የወጡት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየራችን በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ፋን፣ የሚገፋው አየር ግን የተቀነሰ። ሦስተኛው ራዲያተር የከፍታ ማካካሻ ነው ይበሉት።»

የዚህ ክርክር አስቸጋሪነቱ እውነት መሆኑ ነው። ፋኑ ባንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር እዚህም እዚያም በይዘት እኩል ነው፤ እዚህ ግን ይቀላል፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። 12 ዲግሪ የነበረው ልዩነት 15 ወይም 16 ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ያው ከፍታ በአንድ እጁ የነጠቀንን በሌላው መልሶልናል። ቤታችን ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር ሳይገባበት 22 ዲግሪ ነው። ዱባይ ያለ ወገናችን ውጭው 45 ሲሞላ ክፍሉን 24 ላይ ለማቆየት በየወሩ ይከፍላል። እኛ በ22 ላይ 16 ብንደምር 38፤ ይህን ፓምፑ ከቁም ነገርም አይቆጥረው። የሦስተኛ ራዲያተር ማመልከቻ የሚገባው ከድሬዳዋ ቢሆን እኔም እፈርምበት ነበር።

ሁለተኛው ክርክሩ ነገ ነው። «ነገ አርቲኤክስ 5090 ብገዛስ? 575 ዋት ነው እኮ!» አለ። «ነገ ስትገዛ ነገ ትጨምራለህ፤ ወለሉ የትም አይሄድ» አልኩት። ውሃው እንደሆን በየጊዜው ፈስሶ መቀየሩ አይቀርም፤ ያኔ አብሮ ይገጠማል። ለዛሬው ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ራዲያተር ቢያንስ ሁለት መጋጠሚያ ይዞ ይመጣል፤ መጋጠሚያ ሲበዛ ሊያፈስ የሚችልበት ቦታም ይበዛል። ይህችን የመጨረሻዋን ስትሰማ «ከሚያንስ ይትረፍ» ባይዋ እህቴ ወደ እኔ ወገን ተሻገረች።

ሦስተኛው ክርክሩ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አዳመጥኩት፤ ከሦስቱ ሐቀኛው ይህ ነውና። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይላል ያገሬ ሰው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ግን የሚጮኸው ፋኑ ነው። አንድ ባለ 360 ብቻ ቢገጠም እንኳ ፋኖቹ በደቂቃ 2,000 ዙር እየጮኹ ውሃውን ከፓምፑ ወሰን በታች ሊያቆዩት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ አይሞትም፤ የሚሞተው የባለቤቱ እንቅልፍ ነው። ራዲያተሩ ሲጨመር ፋኖቹ ቀስ ብለው ዞረው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ 10 ዴሲቤል ብቻውን ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። 700 ዙር ከሚዞር ፋን አጠገብ ሰው ይተኛል፤ 1,400 ከሚዞረው አጠገብ የሚተኛ ሰው ሲጀመርም ማንቂያ ደወል የማይሰማ ነው። ከአንዱ በላይ ያለው ራዲያተር ሁሉ የሚገዛው ለሙቀቱ ሳይሆን ለጆሮ ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ?» ሳይሆን «ምን ያህል ድምፅ ትችላለህ?» ሊሆን ይገባዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጸጥታ የሚገዛው የት ነው? ሰፈራችን ውስጥ ውሾቹ እኩለ ሌሊት ላይ ስብሰባ ይጀምራሉ። ሊነጋጋ ሲል የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በየተራ ይነሣል። ከላይ ፎቅ ያሉት ቡናቸውን በሙቀጫ ሲወቅጡ ጣሪያችን ይቆጥርላቸዋል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቆራሌው መጥቶ የሌለንን ዕቃ ይጠይቀናል። መብራት ሲጠፋ ጸጥታ የሚመጣ ይመስልና የታችኛው ሱቅ ጄኔሬተር ይተካዋል። በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ ፋኑ ከ600 ዙር እንዳያልፍ ይጨነቃል። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እነሱን መቀነስ አልችልም፤ ይኼን ግን እችላለሁ» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ሰው በገዛ ከተማው ውስጥ የሚያዝዘው አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ያችን አንዷን ዝቅ ላድርጋት ቢል ምን ይፈረድበታል? ያም ሆኖ ሁለት ራዲያተር ላይ ፋኖቹ 900 ቢዞሩ፣ በሦስቱ ደግሞ 600፣ ልዩነቱን ለማጥበብ ከሱቅ የማይገዛ ሌላ መላ አለ፤ ኬዙን ከራስጌው አንሥቶ ግርጌው ጥግ ላይ ማኖር። ለዚህም አልጋው እንዲዞር ተወሰነ። ለሥራው የሚያስፈልገው ጉልበት የእኔና የእሱ ነበር፤ እህቴ በቃል ታግዘን ነበር።

ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሰበሰቡ ደግሞ ክርክሩ ከቁጥር ወደ ቅደም ተከተል ይዞራል። ውሃው ከካርዱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ይሂድ ወይስ መሐል ላይ ራዲያተር አግኝቶ ይረፍ? በዚህች ጥያቄ የተኮራረፉ አሉ። በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ እየዞረ 700 ዋት በሙሉ ቢጫንበት፣ በዙሩ ውስጥ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ለዚህች ሲባል ወዳጅ አይታጣም፤ ቱቦው ባጠረበት ይዙር። ሌላው ጓደኛው ደግሞ ዋተርኩል የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራውን ዘጠኝ ፋን የሚይዝ ራዲያተር ፎቶ አሳየው፤ ሞ-ራ ይሉታል፤ ከኬዙ ውጭ ለብቻው ይቆማል። ለመካኒኩ ሽማግሌ ፎቶው ሲላክላቸው፣ «ይኼ የስካንያ ነው» የሚል የድምፅ መልእክት መለሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ጨምርበት» አላሉም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠችው ግን ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ናት። ዕቃው የሚመጣው በእሷ ሻንጣ ነው። ሁለት ሻንጣ አላት፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የመዳብ ባለ 360 ራዲያተር ባዶውን ኪሎ ገደማና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ወፍራሙ ሲሆን ይብሳል፤ ፋኖቹ፣ ብሎኖቹና መጋጠሚያዎቹ ሲጨመሩ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ዝርዝሩ እንደደረሳት ደወለች።

«የኔ ጌታ፣ መኪና ገዛህ እንዴ ሳትነግረን?»

«ለኮምፒውተር ነው አክስቴ።»

«ሦስቱም?»

ልጁ ጀመረ። ስለ 700 ዋት፣ ስለሳሳው አየር፣ ስለ 600 ዙር ነገራት። እሷ በትዕግሥት ሰማችውና፣ «ጥሩ» አለች። «የአያትህ መድኃኒት አለ። የልጆቹ ጫማ አለ። የእናትህ ብርድ ልብስ አለ፤ እሱን አደራ ብላኛለች። ሦስተኛው ራዲያተር ከገባ ከነዚህ አንዱ ይወጣል። የትኛው እንደሚወጣ አንተ ምረጥ፤ ስልክ ደውለህም ለባለቤቱ አንተው ንገር።»

ስለ ከፍታና ስለሳሳ አየር የሚቀርብ ክርክር መሐንዲስ ሊያሸንፍ ይችላል፤ አያትን ግን አያሸንፍም። ልጁ አያቱን አሰበ፣ እናቱን አሰበ፣ ጫማ የሚጠብቁትን የአጎቱን ልጆች አሰበ። «ሁለት ይበቃል አክስቴ» አለ። የፊዚክስ ሕግ ለብቻው ሊያደርገው ያልቻለውን 23 ኪሎ አደረገው። ሁለት ኪሎ እንደተረፈ የተሰማው ወሬ ግን ከስልኩ ቀድሞ በዘመድ መሐል ዞረ፤ አመሻሹ ላይ ሻንጣው ከበፊቱ ይልቅ ሞልቶ ነበር። መካኒኩም ለሚሠሩት አንድ ቪትዝ ቴርሞስታት አስልከዋል አሉ።

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ራዲያተር ሙቀት አያጠፋም። 700 ዋቱ ባንድ ይውጣ በሦስት፣ የሚወጣው ልጁ ወደሚተኛበት ወደዚያው ክፍል ነው። ማሽኑ ሲያሰላ አድሮ ክፍሉን ከ22 ወደ 26 ቢያደርሰው የውሃው ሒሳብ ከ26 ተነሥቶ ይቆጠራል፤ ሦስተኛው ራዲያተር ያመጣት የነበረችው አራት ዲግሪ በተዘጋ መስኮት ተበላች ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ፋን፣ ያለ መጋጠሚያ።

ስለዚህ ይህን ነገር ለሚያስብ ሰው የምለው ይህ ነው። ዋትህን ደምር፣ ለመቶ አካፍል፣ ኬዝህ ከሚይዘው ጋር አስማማው። ከዚያ ጆሮህን ጠይቅ፤ ሰው አትጠይቅ። የቀረውን ሥራ መስኮት ይሠራዋል፤ እሱ ደግሞ በማንም ሻንጣ መምጣት አያስፈልገውም።